የፈረሱን አፍንጫ ማሰር የግድ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። የ12 ዓመት ልጄ ፈረስ ግልቢያ ትማራለች። ፈረሱን በለጎመች ቁጥር አሠልጣኟ በአፍንጫው ዙሪያ የሚታሰረውን ጠፍር «ትንሽ ጠበቅ አድርጊው» ትላታለች። አዊ ያሉት አባቴ ቪዲዮውን አይተው «ምን አጥፍቶ ነው አፉን የጠፈሩት? ልጓሙ አይበቃም?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ዶክተር፣ ጠፍሩ የግድ ነው? ብናወልቀውስ ልጄን አደጋ ላይ ይጥላታል?

ምላሽ፦

የግድ አይደለም። ፈረሱን የሚያዘው አፉ ውስጥ ያለው ብረትና በልጅዎ እጅ ያለው ዛብ ነው። ብረቱን በግራና በቀኝ ጉንጩ የሚወርዱት ጠፍሮች ይይዙታል፤ እነሱን ደግሞ ከጆሮው ኋላ የሚያልፈው ጠፍር ይሸከማቸዋል። በአብዛኛው ልጓም ላይ የአፍንጫው ጠፍር ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር አልተያያዘም። ለብቻው ተንጠልጥሎ ለብቻው ይቆለፋል። ቢያወልቁት ብረቱ አይወድቅም፤ ዛቡም አይላላም።

ግን «የግድ አይደለም» ማለትና «ዛሬውኑ አውልቀው ይጣሉት» ማለት ለየቅል ናቸው። አሠልጣኟም ከመሬት ተነስታ አይደለም እንዲህ የምትለው። እሷም ስትማር እንደዚያው ተብላ ነው ያደገችው።

ጠፍሩ ሲጀመር አፍ ለመዝጋት የመጣ ነገር አልነበረም። የአውሮፓ ፈረሰኛ ወታደር ከልጓሙ ጋር ሌላ የራስ ማሰሪያ ለፈረሱ ያለብሰው ነበር። ሲወርድ በዚያ ያስረዋል። በዛብ የታሰረ ፈረስ ደንግጦ ወደ ኋላ ከጎተተ ብረቱ አፉን ይበጣጥሰዋልና። ሌላም ጥቅም ነበረው። ፈረሱ አንገቱን ወደ ላይ እየወረወረ የጋላቢውን ፊት እንዳይመታ ከደረቱ የሚነሳ ማሰሪያ አለ፤ የዚያ ማሰሪያ ጫፍ የሚያያዘው እዚሁ የአፍንጫ ጠፍር ላይ ነው። ውበትም አለበት። ፊቱ የረዘመ ፈረስ ጠፍር ሲያልፍበት አጠር ብሎ ይታያል። በሩጫ ሜዳ የምናየው የበግ ፀጉር የለበሰ ወፍራም ጠፍር ደግሞ የራሱ ነገር አለው፤ ፈረሱ መሬት ላይ ያለውን ጥላ አይቶ እንዳይዘል ዓይኑን ከታች በኩል ይጋርድለታል።

ልጅዎ ከምትጋልበው ፈረስ ጋር ከእነዚህ ምክንያቶች የትኛው ይገናኛል? ምናልባት አንዱም። በረት ውስጥ የሚታሰርበት የራሱ ማሰሪያ አለው። ደረቱ ላይም ምንም ከሌለ የአፍንጫው ጠፍር እዚያ ያለው ወይ ለጌጥ ነው ወይ አፉን ለመያዝ። «ጠበቅ አድርጊው» ከተባለ ደግሞ ለጌጥ አይደለም።

አፉን መያዝ ለምን ተፈለገ? ፈረስ ብረቱ ሲጫነው ለመሸሽ ይሞክራል። አፉን ይከፍታል፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ጎን ያዞራል፣ ምላሱን ከብረቱ በላይ ያወጣል። ያኔ ጋላቢው ዛቡን ቢስብም የሚፈልገውን መልስ አያገኝም። ጠፍሩ ሲጠብቅ መሸሻው ይዘጋል፤ ፈረሱም እሺ ያለ ይመስላል። ለዳኛም ለተመልካችም አፉ ዝግ ስለሆነ ያማረ ይመስላል።

እኔ የምቃወመው እዚህ ጋ ነው። ፈረስ አፉን የሚከፍተው ለጥጋብ አይደለም። ወይ ብረቱ ለአፉ አልተስማማም፣ ወይ ጥርሱ ያመዋል፣ ወይ የጋላቢው እጅ ከብዶታል። አፉን አስሮ ማስተማር የሚያለቅስን ልጅ ምን እንደነካው ሳይጠይቁ አፉን በእጅ እንደ መክደን ነው። ልቅሶው አይሰማም እንጂ ሕመሙ የትም አልሄደም።

የፈረስ አፍ እንዴት እንደተሠራ ሲያውቁ ነገሩ የበለጠ ይገባዎታል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይሰፋል። ሲያላምጥ ጥርሶቹ እርስ በርስ ሲፋጩ ሙሉ በሙሉ ስለማይገጣጠሙ የላይኞቹ የውጭ ጠርዝ እየሾለ ይሄዳል፤ የታችኞቹ ደግሞ በምላስ በኩል። ቀኑን ሙሉ ሣር ከሚግጥ ፈረስ ይልቅ በረት ውስጥ ውሎ እህልና ደረቅ መኖ የሚበላው ላይ ይህ ችግር ይብሳል። አሁን ጉንጩን ከውጭ በጠፍር ይጫኑት። የጉንጩ ሥጋ በጠፍሩና በሾለው ጥርስ መካከል ይያዛል ማለት ነው። ጥርሱ በየጊዜው በሞረድ የማይስተካከልለት ፈረስ ጠፍሩ በጠበቀበት ቁጥር የጉንጩ ውስጠኛ ሥጋ ይቆስላል። ከውጭ ምንም አይታይም። እንዲህ ያለ ፈረስ ሐኪም ዘንድ ሲመጣ ባለቤቱ የሚያወራው ስለ «ባሕርዩ» ነው፤ «ዛብ አይቀበልም፣ ራሱን ይወረውራል» ይላል። አፉ በመክፈቻ ተከፍቶ በባትሪ ሲታይ ቁስሉ ልክ ጠፍሩ በሚያልፍበት መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል።

ሌላው ነርቩ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ልጅዎ ፈረሱን ስታበጥር አብረው ይሂዱና እጅዎን ከዓይኑ ሥር አድርገው ወደ አፍንጫው ይውረዱ። ጠንካራ፣ ረጅም የአጥንት ሸንተረር ያገኛሉ። እሱ ከሚያልቅበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ አፍንጫው አጥንት ጠጋ ያለ ቦታ ላይ ከአጥንቱ ውስጥ ነርቭ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። የላይኛው ከንፈርና የአፍንጫው ቀዳዳ ስሜት የሚያልፈው በዚያ ነው። ጠፍሩ ከሸንተረሩ በታች ሁለት ጣት ያህል ወርዶ መቀመጥ አለበት የሚባለው አጥንቱንም ይህንን ሰፈርም እንዳያሽ ነው። በጣም ከወረደ ደግሞ አጥንቱ አልቆ ለስላሳው የአፍንጫ ክፍል ይጀምራል። ፈረስ እንደ እኛ በአፉ አይተነፍስም፤ ያለው የአፍንጫው በር ብቻ ነው። እዚያ ላይ የወረደ ጠባብ ጠፍር ትንፋሹን ይነካዋል።

ይህ ሁሉ የእኔ ስጋት ብቻ ቢሆን ኖሮ አላደክምዎትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ12 ፈረሶች ላይ ሞክረውት ነበር። ጠፍሩን መጀመሪያ ሳይቆልፉ፣ ከዚያ በጠፍሩና በአፍንጫው መካከል ሁለት ጣት፣ አንድ ጣት፣ በመጨረሻም ምንም ጣት እንዳያስገባ አድርገው አዩት። በጣም ሲጠብቅ ፈረሶቹ ማላመጥም መዋጥም ማዛጋትም ተዉ ማለት ይቻላል። የልብ ምታቸው ጨመረ፤ የዓይናቸው ሙቀትም ከፍ አለ፤ ሁለቱም የጭንቀት ምልክት ናቸው። እኔን የሚያስገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ጠፍሩ ሲፈታ ፈረሶቹ ከወትሮው በላይ ማዛጋት፣ መዋጥና ከንፈራቸውን መላስ ጀመሩ። ተከልክለው የቆዩትን ሲያገኙ አካካሱት። ታዲያ ልጅዎ ግልቢያዋን ጨርሳ ልጓሙን ስታወልቅ ፈረሱ ደጋግሞ ቢያዛጋ «ደክሞት ነው» ብላ አትለፈው።

በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአየርላንድ፣ በእንግሊዝና በቤልጂየም 750 የውድድር ፈረሶችን ለካ። የግልቢያ መማሪያ መጻሕፍት የሚሉት ሁለት ጣት ነው። ሁለት ጣት የሚያስገባ ጠፍር የተገኘባቸው 7 በመቶ ብቻ ሆኑ። 44 በመቶዎቹ ላይ ምንም አይገባም። እንግዲህ እነዚህ ተራ ጀማሪዎች አይደሉም፤ ለውድድር የቀረቡ ናቸው። ሁሉም «ሁለት ጣት» የሚለውን ያውቃል፤ የሚያደርገው ግን ጥቂቱ ነው።

ምክንያቱ አንዱ የመለኪያው ቦታ ነው። ብዙ ሰው ጣቱን የሚያስገባው በጎን ወይም ከአገጩ ሥር ነው። እዚያ በሁለቱ የመንጋጋ አጥንቶች መካከል ጎድጎድ ያለ ክፍት ቦታ አለ። የፈረሱ አፍንጫ ታንቆ እንኳ እዚያ ሁለት ጣት ሰተት ብሎ ይገባል። ትክክለኛው ቦታ ከፊት ለፊት፣ ጠፍሩ የአፍንጫውን አጥንት የሚሻገርበት ነው። እዚያ ላይ የአዋቂ ሰው ሁለት ጣት ጎን ለጎን፣ ሳይታገል መግባት አለበት። የ12 ዓመት ልጅ ጣት ቀጭን ስለሆነ ለእሷ «ሁለት ጣት» ሌላ ልክ ነው፤ እርስዎ ይለኩላት። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ይህ የጣት ጣጣ ሰልችቶት ከ2025 ጀምሮ በውድድሮቹ ላይ አንድ ዓይነት መለኪያ መጠቀም ጀምሯል። በአፍንጫው አጥንት ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መኖሩን የሚያሳይ ቀላል ዕቃ ነው። ዴንማርክ ከዚያ ቀድማ ተመሳሳይ ነገር ጀምራ ነበር። ለእኔ 1.5 ሴንቲ ሜትር የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ ከዚያ ቢሰፋ ምንም አይጎድልም።

አሁን ለአሠልጣኟ የሚያደላ ነገር ልንገርዎት፤ ካልነገርኩዎት ማጭበርበር ይሆንብኛል። በ2019 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ከ3 ሺህ በላይ የውድድር ፈረሶችን አፍ መርምሮ ነበር። ጠፍሩ በላላ ቁጥር የከንፈር ማዕዘን ቁስል ቀነሰ። እስከዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። ግን ጭራሹኑ ጠፍር ያልነበራቸው ፈረሶች ላይ ቁስሉ ከሁሉም በዝቶ ተገኘ! ይህን ይዘው «ይኸው፣ ጠፍር ይከላከላል» የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ላላ ያለ ጠፍር የአፉን ከልክ ያለፈ መከፈት ገታ ስለሚያደርግ ብረቱ በከንፈሩ ማዕዘን ላይ እንዳይንሸራተት ያግዝ ይሆናል። ግን ጠፍር የሌላቸው ፈረሶች ጋላቢዎች እጅና የብረታቸው ዓይነትም የተለየ ሊሆን ይችላል። አንድ ጥናት ላይ ተንጠልጥዬ ወዲህም ወዲያም አልምልም። ከዚህ የምወስደው ግን ግልጽ ነው። ጠፍሩን ማውለቅ ብቻውን የከበደን እጅ አያቀልም። ዛብ በመጎተት የምትቆም ልጅ ጠፍሩ ኖረም አልኖረም የፈረሱን አፍ ታቆስላለች።

ስለ ዓይነቶቹ ብዙ አላወራም። በልጅዎ ፈረስ ላይ ያለው ምናልባት ተራው አንድ ጠፍር ነው፤ ካቬሰን ይሉታል። ከሱ ሥር ሌላ ቀጭን ጠፍር ከብረቱ በታች ዞሮ አገጩ ላይ የሚቆለፍ ካለ እሱ ፍላሽ ነው። እሱን ያለ ብዙ ክርክር አስወልቁት። ላይኛውን ጠፍር ወደ ታች እየጎተተ ከቦታው ያወጣዋል፤ ለጀማሪ ልጅም ፋይዳ የለውም። በአፍንጫው ላይ እንደ መስቀል የሚጠላለፈው ግራክል ይባላል፤ በ1931 የእንግሊዙን ግራንድ ናሽናል ያሸነፈ ፈረስ ስም ነው። ክራንክ የሚሉት ደግሞ ጠፍሩ በራሱ ላይ ዞሮ ስለሚሳብ በትንሽ ጉልበት በጣም ይጠብቃል። ከሁሉም እሱን እፈራዋለሁ፤ ምክንያቱም የሚቆልፈው ሰው ምን ያህል እንዳጠበቀ እጁ አይነግረውም።

ወደ አባትዎ ልምጣ። የአዊ ሰው ስለ ፈረስ ቢናገር መደመጥ አለበት። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚሰበስበውን ፈረስ ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። አባትዎ «ልጓሙ አይበቃም?» ሲሉ ልክ ናቸው። በሌላው ዓለምም ያለ አፍንጫ ጠፍር የሚጋልብ ሞልቷል። አሜሪካ ውስጥ የከብት እረኛው ባህል ልጓም ብዙ ጊዜ የአፍንጫ ጠፍር የለውም፤ በዚያ ስልት በሚደረጉ ብዙ ውድድሮች እንዲያውም ጠፍር ማሰር አይፈቀድም።

ግን አባትዎ አይቀየሙኝና የእኛ ልጓምም ቀላል አይደለም። ብዙው የአገር ቤት ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት አለው። ዛቡ ሲሳብ ቀለበቱ አገጩን ከሥር ይይዛል፤ ፈረሱ አፉን ቢከፍትም አያመልጥም። ለዚህ ዓይነት ብረት የአፍንጫ ጠፍር የማያስፈልገው ፈረሱ ስለተመቸው አይደለም፤ ማምለጫው በሌላ መንገድ ስለተዘጋ ነው። በጥሩ ፈረሰኛ እጅ ዛቡ ረገብ ብሎ ስለሚያዝ ችግር የለውም። በመጥፎ እጅ ግን ጉድ ነው። የጋሪ ፈረሶቻችንንማ ተዉት። በናይለን ገመድ ታስሮ አፍንጫው የተላጠ፣ የከንፈሩ ጥግ የተተለተለ ፈረስ ያላየ የከተማ ሰው የለም። እዚያ ነገሩ ከሕመም ያልፋል። በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን የሚፈጀው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ የሚገባው በቁስል ነው። የታመመን ፈረስ የነካ ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፈዋል፤ ዝንብም እንደዚያው። አንድ ገመድ የላጠው ቆዳ ፈረሱን ከሥራ ውጭ፣ ባለጋሪውን ደግሞ ከእንጀራው ውጭ ሊያደርግ ይችላል። ለባለጋሪ የምመክረው ገመዱን በጨርቅ እንዲጠቀልልና በየማታው እንዲያጥበው ነው።

ለልጅዎ ደኅንነት ወደጠየቁት ልለፍ። ጠፍሩ ሲላላ ፈረሱ «ፍሬን ያጣል» ብለው የሚያስፈራሩ ይኖራሉ። ለጀማሪ የሚሰጥ ፈረስ በድምፅ፣ በጋላቢው አቀማመጥና በቀላል ዛብ መቆም አለበት። አፉ ካልታሰረ የማይቆም ከሆነ ችግሩ የጠፍር አይደለም፤ ያ ፈረስ ለ12 ዓመት ልጅ የሚሰጥ ፈረስ አይደለም። ይህን ለአሠልጣኟ ፊት ለፊት መጠየቅ መብትዎ ነው። «ጠፍሩ ቢላላ ይህ ፈረስ ምን ያደርጋል?» ይበሏት። «ምንም» ካለች ይላላ። «ይሮጣል» ካለች ሌላ ፈረስ ይጠይቁ።

ጥያቄውን ግን በክርክር አይጀምሩት። ልጅዎ እዚያ ትማራለች፤ እርስዎ ወደ ቤት ሲመለሱ ከአሠልጣኟ ጋር የምትቀረው እሷ ናት። መጀመሪያ የፈረሱ ጥርስ መቼ እንደታየ ይጠይቁ። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት አለበት። ቀጥሎ በአፍንጫው አጥንት ላይ አብራችሁ ለኩ። 1.5 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ አንድ ቀዳዳ ላሉት። የፌዴሬሽኑን ልክ ጠቅሰው ከተናገሩ የሚከፋት አይመስለኝም። ከዚያ ልጅዎ በእርምጃና በሶምሶማ ስትጋልብ አፉን ይመልከቱ። ፈረሱ በዝግታ የሚያላምጥ፣ ከንፈሩ ረጠብ ያለ፣ ጆሮው የተፈታ ከሆነ ሰላም ነው። ዛብ በተሳበ ቁጥር አፉን የሚበረግድ ከሆነ ወደ ጠፍሩ አይመለሱ፤ የልጅዎን እጅና የብረቱን ልክ ያስመርምሩ። በቀጥታ ከዛቡ ጋር የታገለ እጅ ብዙ ጊዜ ሚዛኗን ያልጠበቀች ልጅ እጅ ነው። ዛብ እንደ መያዣ ስለምትጠቀምበት ነው። አሠልጣኟ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዛ እያዞረችላት፣ ያለ ዛብ ጥቂት ትምህርት ብትወስድ ያ ብዙውን ይፈታዋል።

ውድድር ካሰባችሁ ደንቡን ያንብቡ። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የድሬሳዥ (ፈረሱ የታዘዘውን እንቅስቃሴ በሥርዓት የሚያሳይበት) ውድድር ይህ ጠፍር ግዴታ ሆኖ የቆየ ነው፤ በዝላይ ደንቡ ለቀቅ ያለ ሲሆን ብረት የሌለው ልጓምም ይፈቀዳል። ለአገር ውስጥና ለልጆች ውድድር እያንዳንዱ አገር የየራሱ ደንብ አለው፤ የክለቡ ጽሕፈት ቤት ያውቀዋል።

ጨርሰው ማውለቅ ከፈለጉ በአብዛኛው ልጓም ላይ የደቂቃ ሥራ ነው። የአፍንጫው ጠፍር በራሱ ቀጭን ማንጠልጠያ ከራስ ጠፍሩ (ከጆሮው ኋላ ከሚያልፈው) ሥር ያልፋል። በግራ በኩል ያለውን ዘለበት ይፍቱና በግንባሩ ጠፍር ቀለበቶች ውስጥ ስበው ያውጡት። አንዳንድ አዳዲስ ልጓሞች ላይ ግን ከራስ ጠፍሩ ጋር ተሰፍቶ ነው የሚመጣው፤ እነሱን አይቁረጡ፣ ላላ አድርገው ይተዉት። ጠፍሩ ከወጣ በኋላ የግንባሩ ጠፍር ቀለበት ሰፋ ስለሚል ልጓሙ ትንሽ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ልጅዎ ከመውጣቷ በፊት የጉሮሮው ጠፍር መቆለፉን ይዩ፤ የፈረሱ ራስ ሲታከክ ልጓሙ በጆሮው በኩል እንዳይወልቅ የሚጠብቀው እሱ ነው። ጉሮሮው ላይ ደግሞ የሚፈለገው ልክ ሁለት ጣት ሳይሆን ጭብጥ የሚያስገባ ነው።